በሩን የምትዘጋው መስመር

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ጠዋት ቦዬ ተከልኩ። ሦስት ጉድጓድ ብቻ። አራተኛውን ወገቤ እምቢ አለ። አሳማዋ አጥር ጥሳ ወጥታ ነበር፣ ጎደሬ ሳትበላ ደረስኩባት። ከሰዓት ታንኳ ይዤ ወጣሁ… ሁለት ትናንሽ ዓሣ። አንዱን ጠበስኩ፣ አንዱን ድመቷ ወሰደችው።

ይህ ደብተር የዓሣ ቢሮው ነው። ባሕር ጠባቂ ሆኜ ስመረጥ የሰጡኝ። ከፊት በኩል የቆጠርኩትን ዓሣ ለእነሱ እጽፋለሁ። ከኋላ በኩል የራሴን። ማንም ከኋላ አይከፍትም። ሚሲዮን ቤት የተማርኩት ሁለት ዓመት ነው፣ ከዚያ ወዲህ እጄ የለመደው መቅዘፊያ ነው። ፊደሎቼ እንደ ሰካራም ይጋደማሉ። ቢሆንም ይነበባሉ። እኔ አነባቸዋለሁ፣ ሌላ ማን ያንብብ?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

መጥተዋል!

ቀስ ብዬ ልጻፍ። ዛሬ በጠዋት በሩ ላይ ነበርኩ። ባሕሩ ድንጋዩን ሰንጥቆ የሚገባበት ቦታ፣ በሩ የምንለው። ግርጌው መስታወት የሆነውን ሳጥኔን ውሃው ላይ አስቀምጬ ቁልቁል አየሁ። አፈ ሰፊዎቹ ዓሦች! አሥራ አንድ! ሆዳቸው በዕንቁላል ተነፍቶ፣ ድንጋይ ሥር ተጋድመው ጨረቃዋ እስክትሞላ የሚጠብቁ። በዓመት አንዴ ነው የሚሰበሰቡት። እዚያው ይወልዳሉ፣ ከዚያ ይበተናሉ።

ግን ገና ነው። ወር ሙሉ ይቀረዋል! አባቴ "ቆርች ሲቀላ በሩን ዝጋ" ይል ነበር። የእሱም አባት። በሩ ሲዘጋ ዓሣ አይጠመድም። ከባሕሩ ተመልሼ በቀጥታ ወደ ቆርቹ ሄድኩ። ቀይ አበባ ቀርቶ እምቡጥ የለውም።

ዓይኔ ነው? አርጅቼ ነው? ከሰዓት ደግሜ ወጣሁ። አሥራ አራት።

ውሃው ለብ ብሏል። እግር ሲነክሩበት እንደ መታጠቢያ ውሃ ነው። በበሩ ግራ በኩል ኮራሉ፣ ያ የሚያድገው የባሕር ድንጋይ፣ እንደ አጥንት ነጥቷል። ባሕሩ ቀኑን ሳተ፣ ዛፉ አልሳተም። ዓሣ ደግሞ የሚሰማው ባሕሩን ነው እንጂ ዛፉን አይደለም። ይህን ከኔ በቀር ማን አየ? ማንም!

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

የወንዶቹ ቤት ሄድኩ፣ የመንደሩ ነገር የሚመከርበት። ካቫ የምንለውን የሥር ጭማቂ ሳልጠጣ ነው የተናገርኩት፣ ምላስ ሳይደነዝዝ። ለሹም ማሲንግ ነገርኩት። አብረን ያደግን ነን፣ ሹም ስለሆነ አላፍረውም።

"በሩ ዘንድሮ ቶሎ ይዘጋ። ጨረቃ ሳትሞላ።"

"ቆርቹ አላበበም እኮ፣ ኦቤድ።"

"ዓሣው ግን መጥቷል። ቆጥሬዋለሁ።"

ቶርሰን ከጥግ ሳቀ። ሞተር ያላት ጀልባ የእሱ ብቻ ናት። "አባባ ኦቤድ፣ ዛፍዎ ሸመገለ እንዴ? ለአርባ ዓመት ዛፉን እዩ ሲሉን ኖሩ። ዛሬ ደግሞ ዛፉን ተዉት?"

"ዛፉን ተው አላልኩም። ዓሣውን እይ ነው ያልኩት።"

"ዓሣውንማ አያለሁ! ከተማ ያለው ነጋዴ ሳጥን ሙሉ በረዶ ይልክልኛል። ዓሣ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ሲጠብቅህ ዝም ማለት ሞኝነት ነው።" ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። "ቤቴ በዚህ ወር ሁለት ጊዜ ውሃ ገብቶበታል። የሚስቴ ምንጣፍ ተንሳፎ ነው ያገኘነው። ወደ ላይ ካላዛወርኩት… በምን ላዛውረው? እርስዎ ይንገሩኝ።"

እውነቱን ነው። እኔ ግን፣ እናቶቹን ዛሬ ከጨረስካቸው ከርሞ በባዶ ባሕር ዳር ነው ቤት የምትሠራው አልኩት። ግን አልተቀበለኝም።

ሹሙ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። "ሕጉን ታውቃላችሁ። በሩ የሚዘጋው በሥዕሉ ነው። ባለ ሥዕሉ አሸዋው ላይ የበሩን መስመር ከመነሻ እስከ መነሻ ይሥላል። ጣቱ ከአሸዋው ካልተነሳ በሩ ተዘጋ፣ የክልከላውን ቅጠል እንተክላለን። ጣቱ ከተነሳ ግን ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። ኦቤድ፣ ሚስትህ ሮሌን ካረፈች ወዲህ አልሣልክም፣ በሩም ሳይዘጋ ሁለት ዓመት አለፈ። ትችላለህ?"

"ዓይኔን ጨፍኜ!" አልኩ። "የማንንም እርዳታ አልፈልግም!" እንዲያውም ቆሜ ነው ያልኩት።

ቀኑ ተቆረጠ። ኖቬምበር 1፣ ቅዳሜ። ቶርሰንም ቃሉን ሰጠ፤ ጣቴ ካልተነሳ መረቡን አይጥልም። ከዚያ በኋላ ካቫ ጠጣሁ። ሁለት ቅል። ደስ ብሎኝ ገባሁ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

ቤተ ክርስቲያን። ስብከቱ ረዘመ። ጉልበቴ ላይ በጣቴ ስሥል ዋልኩ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20

ጎህ ሲቀድ ባሕር ዳር ወረድኩ፣ ሰው ሳይነሳ። አሸዋውን በእጄ ደለደልኩ። መጀመሪያ ቀጫጭኖቹን መስመሮች ቁልቁልና አግድም አሰመርኩ። ከዚያ ጣቴን አስገባሁ። እናት ዓሣ በበሩ ትገባለች፣ ሰባቱን ድንጋዮች እየዞረች… አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው… ጣቴ እንደ ድሮው ሮጠ! አራተኛው።

አምስተኛው ላይ ቆመ።

በግራ ነው በቀኝ? በግራ ዞርኩ፣ መስመሩ ተመልሶ ራሱን በላ። አጠፋሁት። እንደገና። በቀኝ። ስድስተኛው ድንጋይ ውጭ ቀረ። አጠፋሁት።

ብርዱ ይሆናል። ጣት በጠዋት ይደርቃል።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22

ዘጠኝ ጊዜ። ዘጠኝ! ሁሌ አምስተኛው ላይ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ድሮ እንዴት ነበር የምሥለው? ሰው ተሰብስቦ፣ እኔ አጎንብሼ፣ ሮሌን ከኋላዬ ተቀምጣ የእናት ዓሣዋን ተረት ስትተርክ። "መጣች፣ መጣች፣ ድንጋዩን ሳመች፣ በስተኋላው አለፈች…" ሰው እንዲደሰት የምትተርክ ይመስለኝ ነበር። ማድመቂያ።

ጣቴ ቃሏን ነበር ለካ የሚከተለው?

ሠላሳ አንድ ዓመት በሥዕሉ ተከበርኩ። በሥዕሉ ከሌላ ደሴት ተጠራሁ። ታዲያ ማን ነበር የሚሥለው? እኔ ነኝ? ወይስ…

(ይህን ጽፌ ልሰርዘው ነበር። ይቅር። ማንም ከኋላ አይከፍትም።)

ተረቱን ሳላዳምጥ ኖሬአለሁ። ከኋላዬ ስለነበረች። አሁን ተረቱን የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ናት። እህቷ ኤስሊን። የሁለቱ እናት ናት ያወረሰቻቸው።

ከኤስሊን ጋር ግን አንነጋገርም። የሮሌን መቶኛ ቀን ድግስ ላይ ከዋናው ደሴት ያስመጣሁትን አሳማ እንደ ወጉ ለወገኖቿ ነዳሁ። ክራንቻው ክብ የዞረ፣ ስንት ዓመት የተለፋበት። እሷ ግቢ ስንደርስ አንዱ ክራንቻ ተሰብሯል። በሰው ሁሉ ፊት "እህቴ ሙሉ ሴት ነበረች፣ ግማሽ ጥርስ አመጣላት!" አለች። ሰው ሳቀ። በሐዘኔ ቀን! ግቢሽን ብረግጥ እግሬ ይቆረጥ ብዬ ወጣሁ።

ያ አሳማ ታንኳው ላይ ተወራጭቶ ነው ክራንቻውን የሰበረው። ለማንም አልተናገርኩም። ለምን ልናገር? ሳይጠየቅ ራሱን የሚያጥብ ጥፋተኛ ነው።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 24

አልሄድም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 25

አርባ ሦስት! አርባ ሦስት አፈ ሰፊ! አንዷ ከኔ ታንኳ ወርድ አትተናነስም። ፊቴን ሳጥኑ ውስጥ እንደከተትኩ ጮህኩ፣ ጩኸቴ ተመልሶ ጆሮዬን ደፈነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ሲሰበሰቡ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው። ለዓሣ ቢሮው ከፊት በኩል ስጽፍ ቁጥሩን ሁለቴ አሰመርኩበት።

ስመለስ የቶርሰን ጀልባ ከከተማ ገባች። ነጫጭ የበረዶ ሳጥኖች። አንድ፣ ሁለት… ስድስት። ከባሕር ዳር እስከ ደጁ ደረደራቸው።

"አባባ፣ ጣትዎ እንዴት ነው?" አለኝ።

"ከምላስህ ይሻላል።"

ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። አርባ ሦስቱ ስድስቱ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። በአንድ ቀን ያልቃሉ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 27

ሄድኩ። እግሬ አልተቆረጠም።

ኤስሊን ደጇ ተቀምጣ ጎደሬ ትልጣለች። ቀና አላለችም።

"እግርህ ተሽሎታል መሰለኝ?"

"ዋርሳዬ፣ ለቁም ነገር ነው የመጣሁት።"

"ለቁም ነገር የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም።"

ያስከተልኩትን አሳማ ከአጥሩ ውጭ አሳየኋት። ዞር ብላ አፉን አየች። ጥርሱን ቆጠረች ማለት ይቻላል። እዚያው ቆሜ ስለዚያኛው አሳማ ነገርኳት። እንዴት እንዳልኩት እንጃ… "ታንኳ ላይ ነው የሰበረው። ማዕበል ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ታውቂያለሽ?!"

"የቀዘፈልህ ሰው በማግስቱ ነግሮኛል። ካንተ አፍ እስክሰማው ነው የጠበቅሁት። ሁለት ዓመት ጠበቅሁ። አንተ ሰው፣ ድንጋይ እንኳ በሁለት ዓመት ሽበት ያበቅላል።"

ተቀመጥኩ። ጎደሬ ሰጠችኝ፣ እንድልጥላት። ስለ አምስተኛው ድንጋይ ነገርኳት። ቢላዋዋን አስቀምጣ እስክታነባ ሳቀች።

"ሮሌን ትል ነበር! 'ኦቤድ ጣት አለው፣ ጆሮ የለውም' ትል ነበር። አንድ ቀን ሆን ብላ ተረቱን አዘገየችው፣ ጣትህም ዘገየ። ቤት ገብተን እስክንሞት ሳቅን።"

"ተረቱን ንገሪኝ።"

"እነግርሃለሁ። ግን አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ ጣትህን ለማስገባት መብቱን በአሳማ ገዝተሃል፣ ትክክል። ለተረቱ ግን ምንም ብለህ አታውቅም። ቅዳሜ በሰው ሁሉ ፊት መስመሩ የሮሌን ነው በል። ይህን ካልክ ከኋላህ እቀመጣለሁ።"

"በወንዶቹ ፊት?"

"በወንዶቹ። በቶርሰን። በልጆቹ። በውሾቹ ፊት።"

ጎደሬውን ጣልኩ። በወንዶቹ ቤት ቆሜ የማንንም እርዳታ አልፈልግም ብያለሁ! አሁን ተመልሼ የሴት ቃል ነበር የምከተለው ልበል? ጣቶቼ ያከበሩኝ ሰው ነኝ። እሷ ደግሞ አሳማዬን ይዛ አስቀረች።

"አሳማው ለቀድሞው ነው" አለች። "ለአሁኑ አፍህን አምጣ።"

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 29

ራሴ ላወጣው ሞከርኩ። አሥራ ሁለት ጊዜ። የባሕሩ ዳር አሸዋ ሁሉ የኔ ስህተት ሆነ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 30

ዛሬ ችግር ተፈጠረ፣ ከዚያ ደግሞ ደስ የሚል ነገር ሆነ።

የሥዕሉ ቦታ ዋርካው ሥር ነው። ከአያቶች ጀምሮ። ሌሊት ውሃው ከፍ ብሎ መጥቶ ነበር። ጠዋት ሄደን ስናይ አሸዋው የለም። ጠጠርና የዋርካ ሥር ብቻ… ሥሩ እንደ ተገፈፈ እግር ራቁቱን ወጥቷል። ሹሙ ቆሞ አየ፣ አየ። እኔ በልቤ "በቃ፣ ቀረ፣ እኔም ተረፍኩ" ብያለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። አፈርኩ ወዲያው።

ከዚያ ሴቶቹ ቅርጫት ይዘው መጡ። ማን እንደላካቸው አላውቅም። ከደሴቱ ጀርባ ጥቁሩን ደቃቅ አሸዋ እየቆፈሩ ወደ ኳስ ሜዳው አመላለሱ። ጎል አጠገብ። አሮጊት ሳይቀር! ወንዶቹ አፍረው ተከተሉ። ቶርሰንም አንድ ቅርጫት ተሸከመ። "እኔ የተሸከምኩት ለኳሱ ነው" አለ። ሰው ሳቀበት።

ኤስሊን በፊቴ ሦስት ጊዜ አለፈች። አንድም ጊዜ አላየችኝም። ጭንቅላቷ ላይ የኔን አሸዋ ተሸክማ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1

ሆነ! በሩ ተዘጋ! ከመጀመሪያው ልጻፍ፣ አለበለዚያ እዘባርቃለሁ።

ሰው ሁሉ መጣ። ከማዶ ደሴት ያሉትም በታንኳ። ኳስ ሜዳው ላይ ሴቶቹ በግራ፣ ወንዶቹ በቀኝ። ፀሐይዋ ገና ከጠዋቱ ትጠብሳለች። ሹም ማሲንግ የክልከላውን ቅጠል ይዞ ቆመ። እኔ ነጭ ሸሚዜን ለብሼ ነበር። ከኋላዬ ማንም የለም። ኤስሊን ሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ዘንባባ ትጎነጉናለች።

ቀጫጭኖቹን አሰመርኩ። ጣቴን አስገባሁ።

አንደኛው ድንጋይ። ሁለተኛው። ሦስተኛው፣ አራተኛው… አምስተኛው።

ቆመ።

ጣቴ አሸዋው ውስጥ፣ ወገቤ ታጥፎ፣ እንደ ሽመላ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። መጥረግ አልችልም። አንዲት ጉንዳን መጣችና እጄ ላይ ወጣች። ክርኔ ደረሰች። ዝም አልኳት።

"አባባ፣ አንቀላፉ እንዴ?" የቶርሰን ድምፅ ነው።

"ኦቤድ" አለ ሹሙ፣ "ጣትህ ቆመ።"

"ቆመ እንጂ አልተነሳም!"

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ሹሙ ጢሙን አሸ። "አባቶች ስለ መነሳት ነው ያሉት። ስለ መቆም ያሉትን የሰማሁት ነገር የለም።"

"እስከ መቼ ነው ታዲያ የሚቆመው?" አለ ቶርሰን። "እስከ ገና?"

ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር፣ ወገቤ አልፈቀደም። ምን ያህል ቆየሁ? ጥላዬ ከእግሬ ሥር ገብቶ ነበር። በግራ ብሄድ? ዕድል ነው፣ ግማሽ በግማሽ… በግማሽ አርባ ሦስት እናት አይሰጥም። ልክ በዚያ ጊዜ የታየኝ ሰው አልነበረም። ሹሙም፣ ወንዶቹም። የታየኝ እነሱ ናቸው፣ ድንጋዩ ሥር ተጋድመው አፋቸውን ከፈት ዘጋ የሚያደርጉት። ማን እንደሣለው ለእነሱ ምናቸው ነው?

"ኤስሊን!" አልኩ።

የዘንባባዋ መንኮሻኮሽ ብቻ።

"ኤስሊን!!"

"ማነው የሚጠራኝ?"

"እኔ ነኝ!"

"እኔ የሚባል ሰው አላውቅም።"

ሴቶቹ ተሳሳቁ። አሸዋውን እያየሁ፣ ጣቴን ሳላነሳ ጮህኩ፦ "ኦቤድ ነኝ! መስመሩ የሮሌን ነው!"

"ጆሮዬ ደክሟል፣ ከፍ አድርገው!"

"መስመሩ የሮሌን ነው! ከእናታችሁ የመጣ ነው! ሠላሳ አንድ ዓመት እሷ ስትናገር እኔ ጣት ነበርኩ! ብቻዬን አላውቀውም! አላውቀውም! በቃ?"

ከወንዶቹ በኩል ሳል እንኳ አልተሰማም። የሚስቁ መስሎኝ ጆሮዬ ጋለ። ከዚያ የእግር ድምፅ… ኤስሊን ከሴቶቹ ወገን ተነስታ መጥታ ከኋላዬ ተቀመጠች። ዘንባባዋን እንደያዘች። ጮክ ብላም አልተናገረችም፣ ልክ እንደ እህቷ፦

"እናት ዓሣ አምስተኛው ድንጋይ ላይ ሸርጣን አገኘች። 'መንገዱ በየት ነው?' አለችው። ሸርጣንም ወደ ጎን ሄዶ አሳያት። 'የጎን ሂያጅ ምክር ቀጥ ያለ ቦታ አያደርስም' አለችና በጀርባው ዞራ አለፈች…"

በጀርባው! በግራም በቀኝም አይደለም፣ መጀመሪያ ወደ ኋላ ነው! ጣቴ ሄደ። እኔ አልገፋሁትም። ስድስተኛው፣ ሰባተኛው። "ዕንቁላሏን አራገፈች፣ ቀለላት፣ በገባችበት በር ወጣች…" እኔም በገባሁበት ወጣሁ። መነሻው ላይ ደረስኩ። መስመሩ ራሱን ጨበጠ።

ከዚያ ነው ጣቴን ያነሳሁት። ወገቤን ግን ማንሳት አልቻልኩም። ሁለት ሰው አነሳኝ። አንዱ ቶርሰን ነው። ጆሮዬ ላይ፣ "አባባ፣ መረቤን አልጥልም። ቃል ቃል ነው። ግን ዛፉ ሳያብብ የሚወልድ ዓሣ የለም፤ ጨረቃ ሞልታ ካልወለዱ ጢምዎን ነው የምላጨው" አለኝ።

"ከወለዱስ?"

"የእኔ ጀልባ የባሕር ጠባቂ ትሆናለች። እስከ ዓመት።"

"ጨብጠኝ!"

ሹሙ ቅጠሉን በሩ ላይ ሲተክል ሰው ሁሉ ባሕር ዳር ወርዶ አየ። አንዲት አሮጊት የሮሌንን ስም ጠራች። ሌሎቹም ጠሩ። ወንዶቹ ጭምር… እኔም ጠራሁ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 2

ወገቤ። ተኝቼ ዋልኩ። ኤስሊን ላፕላፕ ላከችልኝ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለ የጎደሬ ሊጥ፣ ቅጠሉ ሳይከፈት፣ ትኩስ። ለብቻዬ ጨረስኩት። ድመቷ ተቀየመች።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ከየት ልጀምር!

ትናንት ጨረቃ ሞላች። ዛሬ ጠዋት ቶርሰን በጀልባው መጣ። "ይውጡ፣ ጢምዎን ይዘው ይምጡ።" ሞተሩን ከበሩ ርቆ አጠፋው፣ በቀዘፋ ገባን። ውሃው ነጭ ነው። ደመና የመሰለ፣ ወተት የፈሰሰበት የሚመስል። ሳጥኔን አስቀመጥኩ።

እነሱ ናቸው። ስንት? መቶ ድረስ ቆጠርኩ፣ ከዚያ የቆጠርኩትን መልሼ የምቆጥር እየመሰለኝ ተውኩት። ሆዳቸው ጎድሏል! ወልደዋል! ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ወደ ላይ ይወነጨፋሉ፣ ነጩን ይለቁና ይወርዳሉ። ትናንሾቹ ዓሦች ነጩን ሊለቅሙ ሲሯሯጡ ብር የተዘራ ይመስላል። እኔ ነኝ ይህን ቀድሜ ያየሁት፣ ዛፉ ገና አረንጓዴ ሳለ!

ቶርሰን ሳጥኑን ከእጄ ነጠቀኝ። አየ። ለረጅም ጊዜ አየ። ቀና ሲል ፊቱ ረጥቧል፣ ከሳጥኑ ነው አለ።

"አባቴ ይህን አይቶ ያውቃል?"

"አሳይቼዋለሁ። አንተ እናትህ ጀርባ ላይ ነበርክ።"

"እነዚህን በሳጥን ላሽጋቸው ነበር።"

"ነበር።"

መቅዘፊያውን አነሳ፣ ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ "ቤቴ ግን አሁንም ውሃ ውስጥ ነው፣ አባባ።" እውነት ነው። ዓሣ ቤት አያዛውርም። ሹሙ ጋ ሄደን ነገርነው። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ምሰሶውን እየነቀልን ወደ ላይ እንወስዳለን፣ መንደሩ በሙሉ። አሸዋ የተሸከመ ሕዝብ እንጨት ያቅተዋል?

ጢሜን አልነካውም። ዛሬ እንዲያውም አበጠርኩት።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14

የቶርሰን ቤት ግማሹ ላይ ወጣ። ስድስቱ የበረዶ ሳጥኖች የወለል ድጋፍ ሆኑ። ሚስቱ "ለመጀመሪያ ጊዜ ለቤት ጠቀሙ" አለችው። ኤስሊን ሥራ ላይ ተረቱን እየደጋገመች አስጠናችኝ። ሰባተኛው ድንጋይ ላይ ሁልጊዜ እሳሳታለሁ። "ጆሮ ገና እያበቀልክ ነው" ትላለች።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

ከማዶ ደሴት ሦስት ሰዎች መጡ። ሹማቸው ራሱ። ያን ቀን ኳስ ሜዳው ላይ ነበሩ። የእነሱም በር ባሕሩ ቀኑን አስቶበታል፣ ዓሣቸው ከዛፋቸው ቀድሞ ይመጣል። ስንት ዓመት ነው ሳያውቁ እናቶቹን ሲበሉ የኖሩት። አሳማ ነድተው መጡ፣ ትልቅ፣ ጥቁር። የኔ ግቢ በር ላይ ቆሙ። የመንደሩ ሰው ለማየት ተሰብስቧል።

ሹማቸው እጅ ነሳ። "ባለ መስመሩን ፈልገን ነው። መጥቶ በራችንን እንዲዘጋልን።"

ሰው ሁሉ እኔን አየ። አሳማውም ጭምር።

አፌ… ምን ዋሽቼ እጽፋለሁ፣ ማንም አያነበውም። አፌ "እኔ ነኝ" ለማለት ተከፍቶ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደ አፍ ነው። በሰው ደሴት፣ በሰው ግብዣ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ… ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር።

"የመጣችሁበት ቤት ስህተት ነው" አልኩ። "ባለ መስመሯ አርፋለች። ወራሿ ኤስሊን ናት። ያ ቤት ነው፣ ዳቦ የሚያህል ፍሬ ካለው ዛፍ ማዶ። አሳማውን እዚያ ንዱት።"

ነዱት። ሰው ተከተለ። እኔ ብቻዬን ደጄ ላይ ቀረሁ። ትንሽ ቆይቶ የኤስሊን ድምፅ ከማዶ ተሰማ፣ መንደር ሙሉ እንዲሰማ ሆን ብላ፦

"እሺ ብያለሁ! ግን ያለዚያ ሽማግሌ አልሄድም፣ እኔ ወገቤ አይታጠፍም! ኦቤድ! ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ!" አልኩ። "ጣቱ ግን የኔ ነው!"

"ማን ነጠቀህ?"

ሐሙስ እንሻገራለን።